ለእኔ አምስት ትበቃኛለች

ግንቦት 6

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ይሄ ደግሞ እንደ ስልኩ «ደህና ነኝ» አይደለም። ስትደውዪ ምን እንደሚይዘኝ እንጃ፣ ደህና ነኝ ደህና ነኝ ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ ወሬው ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን አፌ ይፈታል። ስለዚህ ታገሺኝና እስከ መጨረሻው አንብቢው። ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት እንዳታነቢው ግን አደራ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። የታሪኩ ትምህርት ባለፈው ተርም አልቋል፤ የቀረኝ የማይነሩ፣ የተጓዳኝ ትምህርቱ፣ አንድ ኮርስ ብቻ ነው። «ታሪክ አጥንተሽ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ምን ይሠራልሻል?» ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የጀመርኩት ከጉጉት ነው። እዚያ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተቀምጬ ዕድሜዬን ሙሉ የልጆች የማይነር ፎርም ላይ ማህተም ስመታ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ቀን አላውቅም ነበር። አሁን ግን ወድጄዋለሁ። ገበያ ስሄድ ቲማቲም ሻጯ ጋ ቆሜ «ይሄ አሁን ፍላጎት ጨምሮ ነው ወይስ አቅርቦት ቀንሶ?» እያልኩ ሳሰላስል፣ ሴትዮዋ «ትገዣለሽ ወይስ ትጸልዪበታለሽ?» ትለኛለች።

ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ራሷ የአንቺ እኩያ ናት። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ግማሾቹ አስተማሪ መስያቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ለምደውኛል፣ «ማዘር» ይሉኛል።

ለመጨረሻው ሥራ የተመደብኩት ከአራት ልጆች ጋር ነው። አንዱን በሆዴ ሊቀመንበሩ ብዬዋለሁ፤ ማንም ሳይመርጠው ሥራ ማከፋፈል ይወዳል፣ ሲያከፋፍል ግን ለራሱ አይተርፈውም። አንዱ ማዳመጫውን ከጆሮው የማይነቅል ነው። አንዷ ሳቂታ ናት። አንዷ ደግሞ ዝምተኛ፣ ብትናገርም የሚሰማት የለም። የመረጥነው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለምን ሁሉም አንድ ዋጋ ያስከፍላሉ የሚል ነው። ተማክረው ነው? ወይስ ፉክክሩ ነው እኩል ያደረጋቸው? ባለቤቶቹን ሁሉንም ስለማውቃቸው እየዞርኩ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ልጆቹ ፈተና ነበረባቸው። ጽሑፉንም ጻፍኩት፣ ተየብኩት። ሰንጠረዦቹን ዝምተኛዋ ሠራችልን፤ ጎበዝ ልጅ ናት።

ካስረከብን በኋላ አስተማሪዋ አንድ ወረቀት ሰጠችን። «መቶ ነጥብ ነው፤ እንደ ሥራችሁ መጠን ተካፈሉትና ሁላችሁም ፈርሙበት፤ የእያንዳንዳችሁ ውጤት ከዚህ ነው የሚወጣው» አለች። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ «ማዘር፣ ለእርስዎ ስንት እንበል?» አለኝ። ሰው ፊት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? «ኧረ እኔ ምን ሠራሁና! ለእኔ አምስት ትበቃኛለች፣ የቀረውን ተካፈሉት» አልኩ። «ኧረ አይሆንም ማዘር!» አሉ። «እናንተ ወጣቶች ናችሁ፣ ያስፈልጋችኋል» አልኩ። «በፍጹም አይደረግም» አሉ እንደገና። «ተዉ፣ ተዉ» አልኩ እኔም። እንግዲህ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ይለምናል ብዬ ነው፤ ያኔ «እሺ በቃ፣ ካላችሁ» ልል ነበር። አልለመኑኝም። አምስት ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ምንም አይደለም፣ ዋናው መማሩ ነው። አስተማሪዋም ብትሆን ማን እንደሠራው አይጠፋትም።

ምርቃቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ትመጫለሽ አይደል? እናትሽን በጋዋን ልታያት ነው፣ ብትስቂ ወዮልሽ።

እናትሽ


ግንቦት 14

እማዬ፣

ይቅርታ፣ ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ እቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ቲማቲም ሻጯ ጋ ስደርስ ከት ብዬ ስስቅ አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጋ ስደርስ ደረቴን ነፋሁ። አምስቷ ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ።

እማዬ፣ ከመቶው እኩል ብትካፈሉ እንኳ ለያንዳንዳችሁ ሃያ ሃያ ነበር። አንቺ ግን ሥራውን ሠርተሽ ሲያበቃ፣ በገዛ ፊርማሽ «የሩብ ሰው ሥራ ነው የሠራሁት» ብለሽ መሰከርሽ። ያቺ አስተማሪ እኔ አይደለሁም እኮ። አንቺ «በልቻለሁ» ስትዪ አለመብላትሽን የምናውቀው እኔና ነፍሱን ይማረውና አባዬ ብቻ ነን። ለሌላው ሰው የተናገርሽው የተናገርሽው ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ሦስተኛ ጊዜ መለመን እንዳለባቸው ማን ነገራቸው? እባክሽ ውጤቱ ሳይገባ ሄደሽ አነጋግሪያት። ዛሬ፣ ይሄን እንዳነበብሽ።

እኛ ደህና ነን። ጉንፋኑ ለቆታል፤ እኔ ላይ ነው የዞረው።

ስለ ምርቃቱ... ሐምሌ መጀመሪያ እኛ ቢሮ የሂሳብ መዝጊያ ነው፣ ፋታ የለም። ቃል ገብቼልሽ ከምቀር ከወዲሁ እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው። እናየዋለን። አንድ ነገር ደግሞ፣ ለአማቴ ስለ ምርቃቱ ምንም እንዳትነግሪያት፣ ለጊዜው። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ልጅሽ


ግንቦት 24

ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ትኩስ ነገር ጠጪ። የራስሽን ሳትይዢ የባልሽን ጉንፋን ብቻ ስታስታምሚ ነው የያዘሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ነው። እንግዲህ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ኤፍ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ደግሞ ውጤት የምለጥፈው እኔ ነኝ እኮ! ከዲፓርትመንቱ በፖስታ ታሽጎ መጣ፤ ከፍቼ ሳላየው፣ እንደ ሌላው ጊዜ ሰሌዳው ላይ በመርፌ ስሰካው ነው ዓይኔ የገባበት። ስም የለበትም፣ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ከኋላዬ ተጋፍተው «ማዘር፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን» ይላሉ። አንዱ ጣቱን ሰክቶ «ይሄ ኤፍ ደግሞ የማን ነው ጃል?» አለ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «የአንድ ሰነፍ ይሆናላ» አልኩ። ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ቆየሁ።

ለምን አስተማሪዋን አላነጋገርሽም ትዪኝ ይሆናል። ሄጃለሁ፣ እስከ በሯ። በሩ ክፍት ነበር። ቀና ብላ «ምን ልርዳዎት?» ስትለኝ «ኧረ ምንም፣ ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው» ብዬ ተመለስኩ። ምን ልበላት? «ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው እኔ ነኝ የሠራሁት» ልበል? በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ነጥብ ልሻማ? አንቺ በቢሮሽ ስለ ራስሽ ማውራት ለምደሽ ይሆናል፤ እኔ «እኔ» የሚለው ቃል ራሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ቀኑ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ግን ማመልከቻው የሚገባው በየት እንደሆነ ታውቂያለሽ? በእኔው መስኮት ነው። ስንቱን ልጅ «ቀኑ አልፏል» ብዬ የመለስኩበት መስኮት። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «ቀኑ አልፏል መጣች» እንደሚባባሉ አልሰማ መስሏቸው ነው እንጂ እሰማለሁ። አሁን እኔው በውጪ በኩል ተሰልፌ ቆሜ የሥራ ባልደረባዬ ከውስጥ ታየኛለች ማለት ነው። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ካየች አገር ያያል።

ማይነሩ ቢቀር ዲግሪውን አይሰጡሽም ወይ ብትዪኝ፣ አይሰጡም። የተመዘገብሽበትን ማሟላት ግዴታ ነው፤ ይሄን ለስንቱ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ኮርሱ ተመልሶ የሚሰጠው በሁለት ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ እኔ ጡረታ እወጣለሁ፤ ጡረታ ስወጣ የሠራተኛው ነፃ ትምህርት ይቆማል። ስለዚህ ዘንድሮ ካልሆነ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ይቅር። ታሪኩን ተምሬዋለሁ፣ ቲማቲሙንም አውቄዋለሁ። አንቺም ከሂሳብ መዝጊያሽ አትነቃነቂ።

የከበደኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። ለሁሉም ነግሬያለሁ። ፎቅ ያለችው መበለት ጫማ ልታውሰኝ ሁሉ አስለክታኛለች።

ለማንም እንዳትነግሪ።

እናትሽ


ሰኔ 1

እማዬ፣

ተናድጃለሁ። በማን ላይ እንደሆነ እስካሁን አልለየልኝም፤ በልጆቹ ይሁን፣ በአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ባሌ «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለኝ። (አልነገርኩትም፤ አደራሽን አልበላሁም።)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን እየዞረ የጠየቀው ማን ነው? ጽሑፉን የጻፈው ማን ነው? ይሄን ብትናገሪ ከየት ላይ ነው ውዳሴ የሚሆነው? የሆነውን መናገር ነው። ቲማቲሙ ስንት ነው ስትባይ ዋጋውን ትናገሪያለሽ አይደል? «ኧረ ቲማቲሟ ምን አላት፣ እንዲያው ውሰዱት» አትዪም። ያችን ሴትዮ ብትሆኚ ኖሮ ገና ጠዋት ላይ ትከስሪ ነበር።

ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም ተዪልኝ። ስንት ዓመት ከሥራ ወጥተሽ በዚያ ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ፣ ጉልበትሽ ሲያምሽ፣ መጽሐፍ ላይ መነጽርሽን ረስተሽ አንገትሽን ስታሰግጊ ማንም አላየሽም? እኔ አይቻለሁ። እረፍት ወስጄ የመጣሁ ጊዜ፣ ጠረጴዛው ላይ የፍላጎት ከርቭ የሚሉትን መስመር ስታሳዪኝ ምን ያህል እንደፈካሽ ትዝ ይለኛል። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ይሄ ሁሉ በአንድ «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» ይበላሽ?

ጊዜ አለሽ። ተሰለፊ። ባልደረባሽ ብታይሽ ትይሽ።

«ከሂሳብ መዝጊያሽ አትነቃነቂ» ስትዪ ስለ ምርቃቱ መውቀስሽ ነው። እባክሽ እሱን ለጊዜው አትጠይቂኝ። አፍሬብሽ አይደለም፣ እንደዚያ እንዳታስቢ። ሥራ ነው።

ልጅሽ


ሰኔ 8

ልጄ፣

አፍረሽብኛል ብሎ ማን አለሽ? እኔ አላልኩም። ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ ሳነበው «አፍሬብሽ አይደለም» የምትለው ላይ ስደርስ እየቆምኩ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ ስል ሰነበትኩ። እሁድ ዕለት ገባኝ።

እሁድ አማትሽ ደወሉልኝ። መቼም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረ ሰው ስልክ ሲደውል እንኳ ሰልፍ የሚያስይዝ ነው የሚመስለው፤ ቁጭ ካልኩበት ተነስቼ ቆሜ ነው ያነጋገርኳቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ጉንፋንሽ ተጨነቅን። ከዚያ «አንድ ምክር ፈልጌ ነው የደወልኩት። ያችን የድሮ ቤት አሁን ብሸጣት ይሻላል ወይስ ትንሽ ልቆይ? ልጅዎ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ እንዳለዎት ከነገረችን ጀምሮ ልጠይቅዎት ሳስብ ነበር» አሉኝ።

ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ? ሃሎ?» አሉ።

«እኔ እኮ የመስኮት ሠራተኛ ነኝ፣ ዲግሪም የለኝ» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ አልወጣ አለ። አንቺን ውሸታም ላደርግሽ ነው? እና ምን አደረግኩ መሰለሽ? አስረዳኋቸዋ! በዚያ ሰፈር ስንት አዲስ ቤት እየተሠራ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። ይቅር ይበለኝና ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ። «የተማረ ሰው እኮ ሌላ ነው» ብለው አመስግነው ዘጉ። ኤፍ ያላት ሴትዮ!

ትንሽ ቆይቶ ነው ሌላው የገባኝ። ምርቃቴ ያንቺን ነገር ያወጣብሻል። አላት ያልሽውን ዲግሪ ገና ልቀበል ስሰለፍ ሊያዩኝ ነው። ሂሳብ መዝጊያ ያልሽው ይሄን ነው። እንዳልነግራቸው ያልሽኝም ለዚህ ነው።

አልተቆጣሁም። ብቆጣ ይሻለኝ ነበር። አፍሬ ነው። ልጄ እናትሽ ምንድን ናት ተብላ ስትጠየቅ ያለሁትን እኔን ማቅረብ አፈረች። ተኝቼ ሳስበው ደግሞ፣ ማን ይፈርድብሻል? ዕድሜሽን ሙሉ «እኔ ምን አለኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ስል ነው የሰማሽኝ። ያልኩትን አመንሽኝ። ልጆቹም ያልኩትን አመኑኝ። እኔ ነኝ ዋጋዬን የተናገርኩት።

ሲያምርሽ ጻፊልኝ። አልቸኩልም።

እናትሽ


ሰኔ 12

እማዬ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ጀምሬ ጀምሬ እየቀደድኩ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰበብ አይደለም። ከመጋባታችን በፊት ቤታቸው እራት ላይ ነው። የአባቱ ሐኪም መሆን፣ የእህቱ ጠበቃ መሆን ተወራ ተወራና አማቴ ወደ እኔ ዞራ «እናትሽስ ምን ነው ያጠኑት?» አለች። ማንኪያው ሁሉ ቆመ፣ ወይም ለእኔ የቆመ መሰለኝ። «ኢኮኖሚክስ» አልኩ። በዚያው ሳምንት ነበር አንቺ ለማይነሩ መመዝገብሽን የጻፍሽልኝ። ገና አንድ ገጽ ሳታነቢ ወስጄ ለእራት አቀረብኩት። ባሌ ያውቃል፤ «አንድ ቀን እንነግራታለን» ይለኛል። ያ አንድ ቀን ስንት ዓመት ሆነው።

እማዬ፣ ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ውሸቱ አይደለም። ውሸቱን ብቻ ቢሆን ይቀለኛል። አፍሬብሽ ነበር። ተማሪ እያለሁ ጓደኞቼ «ቀኑ አልፏል» ብለው ሲስቁብሽ እናቴ መሆንሽን አልነግራቸውም ነበር። አብሬ ስቄም አውቃለሁ። አሁን አንቺ ሰሌዳው ሥር ቆመሽ «የአንድ ሰነፍ ይሆናላ» ብለሽ የሳቅሽው ሳቅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሳቁን ከእኔ የተማርሽው መሰለኝ።

ለአማቴ ልነግራት ትናንት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ቤቱ ምክርሽ እያመሰገነች ስታወራ ሳልነግራት ተነሳሁ። ፈሪ ነኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አልችልም።

አንቺ ግን ሂጂ። የቅሬታው ጊዜ አርብ ነው የሚያልቀው አይደል? ለእኔ ብለሽ አይደለም፣ እኔ ይሄን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ብቻ ሂጂ።

ልጅሽ


ሰኔ 22

ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሐሙስ ዕለት ተሰለፍኩ። በውጪ በኩል። ከፊቴ የነበረችው ተማሪ ዞር ብላ ስታየኝ ደነገጠችና ቦታዋን ልትለቅልኝ ነበር። ባልደረባዬ ከመስኮቱ ብቅ ብላ «አንቺ ደግሞ ከዚያ በኩል ምን ትሠሪያለሽ?» አለች፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ቅሬታ አለኝ» አልኳት። ማመልከቻውን አነበበችው። አልሳቀችም። ማህተሙን መታችበትና ቅጂውን ሰጠችኝ። እንዲያውም ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ መጀመሪያ አስተማሪዋ አምስታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲህ አምስት ከሆነ ሥራዎ፣ ውጤቱ ትክክል ነው። አምስት ካልሆነ ደግሞ የዋሹኝ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። በክፋት አይደለም የተናገረችው። ግን እኔን ውሸታም ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ትህትናዬን ነበር ሰው የሚያወድስልኝ። «እንግዲያው የሠሩትን ይንገሩኝ» አለች።

ሊቀመንበሩ ጣሪያውን ያያል። ሳቂታዋ ጥፍሯን ትበላለች። የዚያኛው ማዳመጫ እንኳ ያን ቀን ከጆሮው ወርዷል። «እኔ...» አልኩና ቆምኩ። እንደ ሕፃን። ከዚያ «ባለ ሱቆቹን የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የተየብኩትም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ዝምተኛዋ «እውነት ነው፤ እኔ ሰንጠረዡን ብቻ ነው የሠራሁት» አለች። ያን ጊዜ ሁሉም ሰማት። ሊቀመንበሩ ግን «ማዘር ራስዎ እኮ ነዎት አምስት ይበቃኛል ያሉት!» አለ። ልጁ እውነቱን ነው። እኔው ነኝ ያልኩት፣ እሱ ምን አጠፋ? ይሄን ለአስተማሪዋም ነገርኳት። ሥራውን ባለመሥራቱ እንጂ በነጥቡ አትጠይቂው አልኳት።

ለየብቻችን አዲስ ወረቀት ሰጠችን፣ እንደገና እንድናካፍል። ለራሴ ስንት እንደጻፍኩ ልንገርሽ? ሠላሳ አምስት። እስክሪብቶዬ ሃያ ላይ ቆማ ነበር፤ ሃያ ብጽፍ ማንም አይቀየመኝም። ግን ያም ሌላ ውሸት ነው። ለዝምተኛዋ ሠላሳ፣ የተረፈውን ለሦስቱ አካፈልኩና ሰጠኋት።

አልፌያለሁ። ቢ ነው። ማይነሩም ተሟልቷል፣ ስሜም የምርቃቱ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ደስታው ግን እንዳሰብሽው አይደለም። የሊቀመንበሩ ውጤት ወርዷል፤ ያልፋል፣ ግን በማዕረግ መመረቁ ቀረበት። ወላጆቹ ለማዕረጉ ብለው ከሩቅ ሊመጡ ነበር አሉ። ኮሪደር ላይ ሳገኘው ሰላም አይለኝም። እኔም እንደ ሌባ ዞር እላለሁ። አፍራለሁ ልጄ፤ ማታ ስተኛም ሲነጋም አፍራለሁ። ብቻ ያን ቁጥር መልሺ ብባል አልመልሰውም። የራሴ ነው።

ሌላም ያደረግኩት አለ፣ ሳላማክርሽ። ለአማትሽ ጻፍኩላቸው። የሬጅስትራር መስኮት ሠራተኛ መሆኔን፣ ዲግሪ እንዳልነበረኝ፣ ሐምሌ ላይ ግን እንደሚኖረኝ፣ እሱም በታሪክ እንደሆነና ኢኮኖሚክሱ ማይነር ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ስለ ቤቱ የነገርኩዎ ከክፍል የተማርኩትን ነው፤ ሌላም ሰው ያማክሩ» አልኳቸው። ልጄ ለምን እንደዚያ እንዳለች እሷ ትንገርዎ ብያለሁ። ያ የአንቺ ድርሻ ነው፤ እሱን ልሠራልሽ አልችልም። ምርቃቱ ላይም ጠርቻቸዋለሁ። ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ወረቀቱ ከዚህኛው ቀድሞ ሳይደርሳቸው አይቀርም። ምናልባት ይሄን ስታነቢ በሩ እየተንኳኳ ይሆናል። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው።

እንግዲህ ስለ መምጣትሽ። «ሥራ ካለብሽ አትድከሚ፣ እኔ ምንም አይደለሁ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ገጹን ቀደድኩት። እፈልግሻለሁ። የዚያን ቀን ስሜ ተጠርቶ ስነሳ፣ ከእነዚያ ሁሉ ልጆች መካከል አሮጊቷ እኔ ስነሳ፣ ሰው ሊስቅ ይችላል። አማትሽ ፊታቸውን ሊያጠቁሩብን ይችላሉ። ሊቀመንበሩም ከፊት ተቀምጦ ያየናል። አታፍሪም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ማፈሩ ካልቀረልሽ ግን እዚያ አትቅሪ፤ መጥተሽ ከጎኔ ሆነሽ እፈሪ።

እናትሽ